ኑሩል አብሳርና አሮጊቷ ሞይና

ኑሩል አብሳር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጦር መርከቦችን በመዶሻ ሲመታ ኖረ። ደሞዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነበር። መርከብ ለጥገና ወደ ትልቁ ጉድጓድ ገብታ ውሃው ተመጥጦ ሲያልቅ፣ ኑሩል ከሥሯ ይገባና ላሜራዋን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጣል። ድምፁ ከጠራ በነጭ ጠመኔ ክብ ያደርግበታል፤ ከደነዘ በቀይ ጠመኔ የኤክስ ምልክት ያኖርበታል። ከዚያ አንድ ክንድ ፈቀቅ ይልና ሌላውን ይመታል። እኔ እዚያው ግቢ፣ ንድፍ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሱን ምልክቶች ወደ ወረቀት የማሻግረው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን "ይመስለኛል" ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወይ "ደህና ነው" ይላል፣ ወይ "ሞቷል" ይላል።

የፓቲያ ሰው ነው፤ ከቺታጎንግ ወንዙን ተሻግሮ። ቀጭን ነው፣ ጺሙን ሂና ይቀባል፤ ማታ ከሥራ ሲወጣ ጺሙ ላይ ያለው የትኛው ሂና፣ የትኛው ዝገት እንደሆነ የምታውቀው ሚስቱ ሆስነ አራ ብቻ ነበረች። ወጣቶቹ ሁሉ "ቻቻ" ይሉታል፤ አጎታችን እንደማለት ነው።

ሞይና የወፍ ስም ነው። ባለ ስሟ ግን እንግሊዞች ሠርተው፣ ሃያ ዓመት ነድተዋት፣ ሲሰለቻቸው ለእኛ የሸጡልን የጦር መርከብ ነበረች። ወደቡ የገባች ቀን ማርሽ ባንድ ተሰልፎላታል። ኑሩል ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳና አዲስ ተቀጣሪ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራው እሷን መምታት ሆነ። እኔ ወደምነግራችሁ ዓመት ስንደርስ እሷ ሃምሳ ዓመቷ አልፏል፤ ካፒቴኗ ደግሞ ገና አርባ አንዱ ነው። የሞተር ክፍል ልጆች ጠዋት ሲገቡ ግድግዳዋን መታ መታ አድርገው "አያቴ፣ እንዴት አደርሽ?" ይሏት ነበር። አንዳንዴ በጭስ ትመልስላቸዋለች።

በዚያ ዓመት ከዳካ ኮሚቴ መጣ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሞይና ትታደስ ወይስ ትተካ?

ትታደስ የሚለውን ወገን የሚመሩት ኮሞዶር ኤህተሻም ነበሩ፤ ረጅም፣ ልብሳቸው እንደ ሸክላ ሳህን የሚያበራ ሰው። "ብረት ብረት ነው" ይሉ ነበር። "መርከብን መርከብ የሚያደርጋት ዓይኗና ጥርሷ ነው። አዲስ ራዳር፣ አዲስ ሚሳይል እንግጠምላት፤ ሃያ ዓመት ታገለግለናለች።"

ትተካ ባዩ ካፒቴን ሉትፌ ራቢ ነበር። ገና ጠቆር ያለ ጺም ያለው፣ ሲናገር እርሳስ የሚሰብር ሰው። "ጌታዬ፣ ይሄ ለዘጠና ዓመት ሽማግሌ የወርቅ ጥርስ ማስገባት ነው። ጥርሱ ይቀራል፣ ሽማግሌው ይሄዳል።"

ሦስተኛም ሐሳብ ነበር። ከበጀት በኩል የመጣ፣ ብስኩት በሻይ እየነከረ የሚበላ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ምንም ባይደረግ ይሻላል የሚል አቋም ነበረው። አንድም ቀን ሳይናገር አሥራ አንድ ዓመት ሲያሸንፍ ኖሯል።

ክርክሩ ከስብሰባ አዳራሹ ወጥቶ በር ላይ ካለው ሻይ ቤት ደረሰ። በያጆቹ በሙሉ የኮሞዶሩ ደጋፊ ሆኑ፤ እድሳት ማለት የሦስት ዓመት ሥራ ነውና። የበያጆቹ አለቃ ጎፍራን ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

"አዲስ መርከብ ከውጭ ተበይዶ ተቀብቶ ነው የሚመጣው!" አለ ብርጭቆውን እየደበደበ። "እኔ ታዲያ ምን ልበይድ? የሚስቴን አፍ?"

"ኧረ እሱን እንኳ አትችለውም" አለው ከኋላ አንዱ። "ሃያ ዓመት ሞክረህ አቅቶሃል።"

ሁሉም ሳቀ። ጎፍራንም ሳቀ። ከዚያ ወደ ኑሩል ዞረና "ኑሩል ባይ" አለው፤ ወንድሜ እንደማለት፣ "ዘንድሮ ነጩን ጠመኔ በርከት አድርገህ ያዝ እንጂ። የአርባ ሰው ቤት በጣትህ ላይ ነው።"

ኑሩል ሻዩን ጨረሰ። "ጠመኔው የመንግሥት ነው" አለ። "ሁለቱንም ቀለም እኩል ነው የሚሰጡኝ።"

ቤትም ቢሆን ሰላም አልነበረም። የልጁ የዙሌኻ ባል ጃፎር ሲታኩንዳ ዳርቻ ላይ አሮጌ መርከብ ከሚቆርጡት አንዱ ነው፤ አርብ ምሳ ሊበላ በመጣ ቁጥር "አባባ፣ ምናለ ብትለቋት? የቧንቧዋ ናስ ብቻ እኮ..." ይላል። ሆስነ አራ የደረቀ አሣ ወጥ እየጨለፈችለት "አንተ ልጅ፣ የሰው እናት እስክትሞት አልጋዋ ሥር አትጠብቅ" አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ "አንተም የዙሌኻ አባት፣ ጡረታህ ስድስት ወር ነው የቀረው። ታምሜያለሁ ብለህ ብትቀርስ?" አለችው።

"ምኔን ልታመም?"

"ጆሮህን።"

አልታመመም።

የእድሳቱን ሥራ ይዘን እንሠራለን የሚሉት የውጭ ሰዎች ሁለት ወጣቶች ላኩ። በድምፅ ሞገድ የላሜራ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ይዘው ነበር። በሁለት ቀን ሁለት መቶ ቦታ ለኩ፤ ሁለት መቶውም ደህና ሆነ። የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ሪፖርት አስረክበው ወደ ኮክስ ባዛር ባሕር ዳርቻ ሄዱ።

ኑሩል አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። በአሥረኛው ቀን ለሞተሩ እንፋሎት ከሚያፈላው ትልቅ ጋን፣ ከቦይለሩ ክፍል ሥር ገባ። እዚያ መርከቧን በሚደግፉት ግንዶችና በሆዷ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ክንድ እምብዛም አይበልጥም፤ በጀርባው ተኝቶ እየተንፏቀቀ ነው የሚመታው። እኔ ውጭ ተንበርክኬ እሱ የሚጮኸውን እጽፋለሁ። "ደህና... ደህና... ደህና..." ሲል ቆየና ዝም አለ። ሲመታ ግን ይሰማኛል፤ ቀስ እያለ፣ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው።

"ኑሩል ባይ? ምን ልጻፍ?"

"ሞቷል" አለ። "ቀጥሎ ያለውም ሞቷል።"

ሃያ ስድስት ላሜራ። ሲወጣ ፊቱን ሳይጠርግ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። "የመጣች ሰሞን ይሄን ቦታ ስመታው እንደ ደወል ነበር" አለኝ።

ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ኮሞዶሩ የሚያብረቀርቀውን ሪፖርት በአንድ እጃቸው፣ የኔን በእርሳስ የተሞላ ወረቀት በሌላው ያዙና ሁለቱን አመዛዘኑ።

"ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?"

"ስምንተኛ ጌታዬ። አልጨረስኩትም።"

"ይሄ መሣሪያ ዋጋው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? አሁን ያለንበትን ሕንፃ ይገዛል።"

"ማሻ አላህ ጌታዬ።"

"እና ዋሽቷል እያልክ ነው?"

"አልዋሸም ጌታዬ። ልጆቹ የለኩት ሰው መቆም በሚችልበት ነው። መሣሪያው ያልተጠየቀውን አልመለሰም።"

ካፒቴን ሉትፌ እርሳሱን አስቀምጦ ፈገግ አለ። "ቻቻ፣ በአጭሩ ይንገሩን። መርከቧ ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጌታዬ። ከውሃ በላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ኑሩል ግን ቀልድ አልተናገረም፤ ለምን እንደሳቁ ለማወቅ ዞር ዞር ብሎ አየ።

"ስለዚህ ትሸጥ ነው የሚሉት" አለ ካፒቴኑ፣ በድል።

"እሱን አልመታሁትም ጌታዬ።"

"እንዴት?"

"እኔ የመታሁት ላሜራ ነው። ቦይለሩ ተነስቶ፣ ዝገቱን ለመሸፈን ድሮ ውስጧ የተደፋው ሲሚንቶ ተፈንቅሎ፣ ሃያ ስድስቱ ቢቀየር አሥር ዓመት ትሄዳለች። ካልተቀየረ እሷን ይዞ መውጣት ሐራም ነው።"

ካፒቴኑ ፈገግታውን አጠፋ። ቦይለር ማንሳት አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ለሚሳይልም ለአዲስ መርከብም የሚተርፍ በጀት የለም። አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ወገን ሲያስቀይም ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለ ብስኩቱ ሰውዬ ብቻ ነበር ያልተከፋው።

ኮሞዶሩ ተነሡ። "በኅዳር መቶ ሃምሳ ሠልጣኝ ይዛ እንድትወጣ ትዕዛዝ አለ። በወሬ አላስቀራትም። ሄደን እንየው።"

ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ኮሞዶሩን ግንዶቹ ሥር አስተኝቶ ማሳየት ስለማይቻል፣ ኑሩል ጎንበስ ብሎ ከሚታየው ከዳርኛው ቀይ ምልክት ፊት አቆማቸው። ኮሞዶሩ በባትሪ አዩት። ቀለሙ ጥሩ ነበር፤ ባለፈው ዓመት የተቀባ ነው።

"ይሄ ነው የሞተው?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ምታው እስቲ።"

ኑሩል በመዶሻው ጫፍ ነካ አደረገው። ጥፍር ጠረጴዛ ሲነካ የሚሰማውን ያህል ድምፅ ተሰማ።

"ይሄ መምታት ነው? ጠንከር አድርገህ ምታው።"

"ጌታዬ፣ ጠንከር ካደረግኩት ይገባል።"

"ምን ይገባል?"

"መዶሻው።"

ኮሞዶሩ ወደ ካፒቴኑ ዞረው፣ ከዚያ ወደ እኛ፣ ከዚያ ወደ ኑሩል ተመለሱ። "ትዕዛዝ ነው። ምታ።"

ኑሩል "ቢስሚላህ" ብሎ መታ። መዶሻው እስከ እጀታው ገባ። ሲስበው ላሜራው መዶሻውን ተከትሎ መጣ፤ ሳህን የሚያህል ቁራጭ ነበር። አንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ በሲሚንቶውና በብረቱ መካከል የስንት ዓመት እንደሆነ አላህ የሚያውቀው ጥቁር ውሃና ዘይት ሲጠራቀም ኖሮ፣ በቀዳዳው ዘሎ በኮሞዶር ኤህተሻም ነጭ ልብስ ላይ ወረደ። ከአንገታቸው ጀምሮ እስከ ጫማቸው። ሽታው የሞተ አሣና የአሮጌ ኩራዝ ነበር።

ማንም አልሳቀም። ነገሩ ለሳቅ እጅግ ይበዛ ነበር። ኮሞዶሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩ፤ መልሰው አደረጉት። "ቃለ ጉባኤ ላይ ይሥፈር" አሉኝ። ምን ብዬ እንደማሠፍር አልነገሩኝም። "ኮሚቴው ላሜራውን በአካል ተመለከተ" ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ኑሩል ደብዳቤ ደረሰው። በግቢው ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድ የመርከብ አካል የቀደደ ሠራተኛ ይከሰሳል፤ ፈቃዱ ደግሞ በሦስት ቅጂ ተሞልቶ አስቀድሞ መቅረብ ነበረበት። ክሱ "በመንግሥት የጦር መርከብ ላይ በመዶሻ ጉዳት ማድረስ" ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ያደረሰው የመጀመሪያው ጉዳት መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር እንድጨምርለት ለመነኝና በመልሱ ላይ ጨመርኩለት።

ክሱ አልከበደውም። የከበደው ሻይ ቤቱ ነው። እድሳቱ ሲቆም ከበያጆቹ አርባው የቀን ሠራተኞች ተሰናበቱ። ጎፍራን ቋሚ ስለሆነ ቢቀርም፣ ኑሩል ሲገባ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ሌላ አግዳሚ ሄደ። "ቀዳጁ መጣ፤ ኪሳችሁን ያዙ" አለ ጮክ ብሎ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንድ ሰው የኑሩል ሳጥን ላይ በቀይ ጠመኔ ትልቅ ኤክስ ሣለበት።

እኔስ? እኔም ተነሣሁ። ሥራ አለኝ ብዬ ነው የተነሣሁት፤ ሥራ ግን አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዬን ቢሮ አስመጥቼ እጠጣ ነበር። እሱ ብቻውን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ብስኩቱን ለሁለት ሰብሮ፣ ግማሹን ለድመት ሲሰጥ በመስኮት አየዋለሁ። ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ኅዳር መጣ። ሞይና መውጣት ባለባት ቀን ቀዳዳዋን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሠልጣኞቹም ተራራ እንዲወጡ ተላኩ። ጎፍራን ሶሄል የሚባል ልጅ አለው፤ የሞይና የቦይለር ክፍል መርከበኛ ነው። እቤት ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ትንበያው ወደ ምዕራብ ይሄዳል ያለው ማዕበል ሐሳቡን ቀየረና ወደ እኛ ዞረ። ማንም ወደቡን በቅጡ አላዘጋጀም ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ወረቀት በረረ፤ ከሴንት ማርቲን ደሴት ወዲህ ባለው ባሕር ላይ ያደሩ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ብዙዎቹ አልተመለሱም። በዕቅዱ መሠረት ሞይና በዚያ ሰዓት እዚያው ነበረች መሆን ያለባት።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ቦይለሩ ተነሥቶ ሲሚንቶው ተፈነቀለ። ሲሚንቶው ሲነሣ ላሜራው አብሮት ተነሣ፤ እንደ ደረቀ ቅጠል እየተሰባበረ። ከቦይለሩ ሥር ቆመህ ወደ ታች ስታይ የጉድጓዱን ወለል ታያለህ። ያንን ቆመው ካዩት ሰዎች አንዱ ጎፍራን ነበር፤ ልጁ በየቀኑ የሚቆምበት ቦታ ነው። ብዙ ቆየ። ከዚያ መበየጃ ጓንቱን አውልቆ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ሻይ ቤቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረቀ አሣ ይዞ መጣና ኑሩል ፊት አስቀመጠው። ጠረኑ ድመቷን ከጣሪያ አወረዳት።

"ኑሩል ባይ" አለ።

"እ።"

"ሎይትያ አሣ ነው። ሚስቴ ናት የላከችው።"

"አፏን የበየድክባት?"

ጎፍራን ሊስቅ ጀምሮ አልቻለም። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት። "ወጥታ ቢሆንስ?" አለ። "ወላሂ፣ ወጥታ ቢሆንስ ልጄ?"

"አላውቅም" አለ ኑሩል። "ማዕበሉን አልመታሁትም። ተቀመጥ፣ ሻይህ ቀዝቅዟል።"

እኔም ያን ቀን ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ "በዚህ ወር ሥራ በዝቶብኝ..." ብዬ ጀመርኩ። "አውቃለሁ" አለኝ። "በመስኮት አይህ ነበር፤ በጣም ትሠራ ነበር።" ከዚያ የብስኩቱን ግማሽ ሰጠኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም፤ እኔ ግን ያቺን ብስኩት እስካሁን ያልዋጥኳት ይመስለኛል።

ክሱ የተሰማው በጥር ነው። ሰብሳቢው ደንቡን አነበቡ፤ ኑሩልም መምታቱን አመነ። ነገሩ አልቋል ስንል በሩ ተከፈተና ኮሞዶር ኤህተሻም ሳይጠሩ ገቡ፤ ልብሳቸው አዲስ ነበር።

"ምታ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ ቆመው። "ይገባል ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ እኔ ትዕዛዝ ነው አልኩ። ተከሳሽ ካስፈለገ ስሜ መካከል ህ አለች፣ እንዳትረሷት።" ከዚያ ወደ ኑሩል ዞረው፣ ጥቂት አስበው፣ "መርከቧን በማደስ አሁንም አምናለሁ" አሉት።

"ይሁን ጌታዬ" አለ ኑሩል። "ላሜራ ይቀየራል።"

ክሱ ተዘጋ። ሞይና ላሜራዋ ተቀይሮ፣ ከወንዙ አፍ ሳትወጣ ለሁለት ዓመት ማስተማሪያ ሆነች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ኮሚቴው አሥራ አራት ጊዜ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ውሳኔ ላይ ደረሰ። ሞይና ትሸጥና በምትኩ ሌላ አገር ተጠቅሞ የጣላት፣ ዕድሜዋ መካከለኛ የሆነች መርከብ ትገዛ ተባለ። ኮሞዶሩ አሮጌ ስለሆነች፣ ካፒቴኑ ለእኛ አዲስ ስለሆነች ፈረሙ። ሞይና በጎታች ጀልባ ወደ ሲታኩንዳ የተወሰደች ዕለት እኔ ዳር ቆሜ አየኋት። ኑሩል አልመጣም፤ ለሆስነ አራ ዓይን መነጽር ሊያሠራ ገበያ ሄዶ ነበር። መነጽሩ በሌላ ቀንም ሊሠራ ይችል ነበር።

የኑሩል ጡረታ የደረሰው ገና ክሱ እንደተዘጋ ነበር፤ ግን ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን እንዲጽፍ ታዘዘ። ሦስት ቀን ወረቀት ፊት ተቀምጦ "ምታ። አዳምጥ።" ብሎ አስረከበ። አለቆቹ ይህ በቂ አይደለም ብለው ስምንት ወጣት መሐንዲሶች ሰጡት። ዓይናቸውን በጨርቅ አስሮ ለሦስት ሳምንት ቁርጥራጭ ላሜራ አስመታቸው። ከስምንቱ የሰሙት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ራይሃና የምትባል መቶ አለቃ ነበረች። የቀሩትን ስድስቱን "ጥሩ ልጆች ናችሁ፤ ቢሮ ፈልጉ" አላቸው። ከዚያ ወደ ፓቲያ ገብቶ ዳክዬ ማርባት ጀመረ።

አዲስ የምትባለዋን መርከብ እንድታይ ወደ ሩቅና ብርዳም አገር የተላከችው ራይሃና ናት። ከዚያ ስልክ ስትደውል እኔ ኑሩል ግቢ ተቀምጬ ነበር። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል።

"ቻቻ፣ እስካሁን የመታሁት ደህና ነው" አለች። "ግን ከኋለኛው መጋዘን ሥር መግባት ፈልጌ ነበር። ሻጮቹ በጣም ደግ ሰዎች ናቸው፤ እዚያ ልግባ ባልኩ ቁጥር ሻይ ይጋብዙኛል። አራተኛዬን ጠጣሁ።"

ኑሩል የዳክዬዎቹን ውሃ እየቀየረ ነበር። ባልዲውን አስቀመጠ።

"ሻዩ ጥሩ ነው?"

"ወተት የለውም።"

"ጠጪውና ግቢ" አላትና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፤ የሚዘጋበትን አያውቀውምና።

ገባች። አሥራ ሰባት ቀይ ምልክት ይዛ ወጣች። ሻጮቹ ከብዙ ቅሬታ በኋላ አሥራ ሰባቱንም በራሳቸው ወጪ ቀየሩ፤ መርከቧም በመጋቢት መጣች።